ዶሮም ትጫነዋለች

የሰደበኝ ያብስራ ወንድይፍራው ነው። ቀኑ ጥር 19 ቀን 2022 ዓ.ም.፣ እሑድ። ቦታው ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ የታላቅ ወንድሙ የነብዩ ሠርግ ላይ። ሰዓቱንም ብትጠይቁኝ አልቸገርም፤ ሙሽሮቹ ኬክ ቆርሰው ገና ጣታቸውን ሳይጠርጉ ነው። እሱ ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የመጣ ቀጭን ልጅ ነበር። እኔ ደግሞ ዲጄ ኤርሚ ነበርኩ፤ ከሳቢያን እስከ ለገሃሬ ያለኔ ሙሽራ አይገባም ነበር። መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሁለቱን ሸክላ ማጫወቻዎቼን በጨርቅ ሸፍኜ፣ ሰው እንዳይደገፍባቸው እጄን ዘርግቼ ቆሜያለሁ። ልጁ ጓደኞቹን አስከትሎ አጠገቤ ድረስ መጣና፣

«አቦ ምን ያስጨንቅሃል? ያንተ ሥራ እኮ ቁልፍ መጫን ነው። ጥሬ ከተበተነላት ዶሮም ትጫነዋለች» አለኝ።

አዳራሹ ሳቀ። ጨለማ ስለነበር ማን እንደሳቀ አላየሁም፤ ስለዚህ በሁሉም ላይ ቂም ያዝኩ።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። መልስ አጥቼ አልነበረም ዝም ያልኩት። መልሱ የመጣልኝ እቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ መልስ አዘጋጅቻለሁ፤ አንዳንዶቹ በጣም ጥሩ ናቸው።

አርባ ዓመት አለፈ። ያብስራ ዶክተር ሆነ። ምስርን ወደ ምሥራቅ ያመጣት የእሱ ድርጅት ነው። ምስር ጆሮ ውስጥ ተቀምጣ ሰውን ያለ ድምፅ የምታነጋግረዋ ነች፤ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ የለም፣ ምስር ስለምታክል ምስር ተባለች፣ አለቀ። አሁን ከእኔና ከጥቂት እልኸኛ ሽማግሌዎች በስተቀር ምስር የሌለው ሰው ድሬ ውስጥ አላውቅም።

ድሬ የምታወራ ከተማ ነበረች። አሁን ጠዋት ዳቦ ቤት እሰለፋለሁ፤ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ድምፅ የለም። ሰዎቹ ዝም ብለው አይደለም። ቅንድባቸውን ያነሳሉ፣ ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ፣ በሆነ ነገር ይስቃሉ፤ የሚያወሩት አጠገባቸው ካለው ጋር ይሁን ሞያሌ ካለ ሰው ጋር አይታወቅም። ተራዬ ሲደርስ ሻጯ ዓይኔን ታየኛለች። የሆነ ነገር ጠየቀችኝ ማለት ነው። እኔ አንገቴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ። አንዳንዴ ይቀናኛል፤ አንዳንዴ ያላሰብኩትን ኬክ ተሸክሜ እመለሳለሁ። መነቅነቅ ለምጃለሁ። ለማንም ለምንም እነቀንቃለሁ፤ ሰው ይተወኛል።

ጤና ጣቢያ ስም የሚጠራው በምስር ነው። እኔንም የሚጠሩኝ ይመስለኛል። ቁጭ ብዬ እውልና ሲዘጋ ጠራጊዋ በእጇ በሩን ታሳየኛለች። አዛኑም ቅዳሴውም ለሚፈልገው ጆሮ ብቻ ይደርሳል። ከሰዓት ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ጎል ሲገባ አፋቸውን ከፍተው፣ እጃቸውን ዘርግተው ይሮጣሉ፤ ከአፋቸው የሚወጣው ግን ትንፋሽ ነው። እንደ ድሮዋ የምትጮኸው አህያ ብቻ ነች። እሷንም ከእኔ በቀር የሚሰማት የለም፤ ምስር ጫጫታ ታጠፋለች።

ባለፈው ጥር የጎረቤቴ ልጅ ሠርግ ተጠራሁ። ሁሉም የየራሱን ዘፈን ይሰማል፤ ምስሯ የልቡን አይታ የምትመርጥለትን። አንዱ እስክስታ ይመታል። ጎኑ ያለው ቀብር እንደሚሸኝ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ሙሽራው ይዘላል፣ ሙሽራይቱ ታለቅሳለች። እኔ የምሰማው ኮቴ ነው። ኮቴ፣ የሹካ ድምፅ፣ አንዳንዴ የሰው ሆድ ሲጮህ። ጥግ ላይ ተቀምጬ ያን አዳራሽ በአንድ ጣቴ እንዴት አነሳው እንደነበር አስብ ነበር። አንድ ዘፈን፣ ለሁሉም አንድ። እናቶች ከወንበራቸው ሲነሱ ወንበሮቹ ወደ ኋላ ሲንሸራተቱ የሚያወጡት ድምፅ ራሱ ይናፍቀኛል።

ምስር በነፃ የታደለችበት ጊዜ ነበር። የቀበሌ ወጣቶች ቤት ለቤት ሲዞሩ እኔም ጋ መጡ።

«ጋሼ፣ ጆሮዎን እስቲ።»

«የማን ናት?» አልኳቸው።

«የነዶክተር ያብስራ ናት።»

በሩን ዘጋሁባቸው። ‹ይቺ ዶሮ ጥሬ አትለቅምም› አልኩ። ጥሩ መልስ ነበረች፤ የሰማት ግን አልነበረም። ከዚያ ዕደላው ቆመ። ጆሮዬም አረጀ። አሁን እንደኔ ያለውን ጆሮ ምስር እንዲቀበል የሚያድሱት በእነሱ ክሊኒክ፣ በቀዶ ጥገና ብቻ ነው፤ ዋጋውን ሰምቼ ደግሜ አልጠየቅኩም።

ማጫወቻዎቹ ሁለት ናቸው፤ ጥንድ። አጎቴ ሲራክ ከጅቡቲ በባቡር፣ በሩዝ ጆንያ ጠቅልሎ ያመጣቸው ናቸው፤ በዕድሜ ከእኔም ከያብስራም ይበልጣሉ። የቀኙ ሲነሳ ትንሽ ያቅማማል፣ በጣት ጫፍ ገፋ ሲያደርጉት ይሄዳል። መርፌ የሚሸጥ የለም። የቀረችኝን አንዲት መርፌ የማወጣት ለዓመት በዓል ነው። አንድ ሸክላ አስቀምጣለሁ፣ አንዱን ፊት ሰምቼ እመልሳታለሁ። ሚስቴ በሕይወት ሳለች ሁለታችን እንሰማ ነበር። አሁን እኔ ነኝ። ይሄን ሁሉ የምላችሁ ለምን እንደማልሸጣቸው እንድታውቁ ነው። ሰው የሰደበኝ በእነሱ ላይ እጄን ዘርግቼ ቆሜ ነው። ከሸጥኳቸው ልጁ ልክ ነበር ማለት ነው።

ልጄ ሶልያና በመጋቢት ልጇን ይዛ መጣች። ሶልያና ከእኔ ጋር ስታወራ ምስሯን ለውጭ ድምፅ ትከፍታለች፣ በድምፅ ታወራኛለች። ቶሎ ይደክማታል፣ ጉሮሮዋን ታሻሻለች፣ ውሃ ትጠጣለች። የስድስት ዓመቷ ኤልዳና ግን ድምፅ የላትም። የላትም ስል ዲዳ ነች ማለቴ አይደለም፤ ከተወለደች ጀምሮ ምስር አላት፣ ድምፅ አውጥታ ተናግራ አታውቅም። የልጆች ምስር ደግሞ እስኪያድጉ በደንብ የተቆለፈች ነች። ባዶ የሰው ድምፅ ከአህያ ጩኸት ጋር አብሮ ይጠፋል። እኔ ስናገር አፌ ሲንቀሳቀስ ነው የምታየው።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህና አትቆጣ» አለች ሶልያና።

«ተናገሪ።»

«ዶክተር ያብስራ ሸክላ ማጫወቻ ይፈልጋል። ጥንድ፣ የሚሠራ። እዚህ አገር የቀረው ያንተ ብቻ ነው አሉት።»

«የትኛው ያብስራ?»

«አባዬ።»

«የትኛው ያብስራ ነው ያልኩሽ!»

«ዶሮው። እሺ? የዶሮው ያብስራ» አለችና ሳቋ መጣ፤ ያደገችው ይቺን ታሪክ እየሰማች ነው። «ገንዘብ አይደለም የሚሰጥህ። ጆሮህን ያድስልሃል። እሱ ራሱ፣ በእሱ ክሊኒክ። ማጫወቻዎቹን ይስጠኝና ምስር ላስገባለት ብሏል።»

«የሬሳ ሳጥን ውስጥ ገብቼ ሸክላ ማጫወቻ ደረቴ ላይ ይጫንልኝ እንጂ ለሱ አልሸጥም።»

«ልጅቷ እኮ ታወራሃለች። አንተ አትሰማትም እንጂ በመጣን ቁጥር ታወራሃለች።»

«ምን ትላለች?»

ሶልያና ውሃዋን ጠጣች። «አያቴ ለምን ይኮራብኛል ትላለች።»

እሷ ገበያ ስትወጣ ልጅቷን እኔ ጋ ተወቻት። ዓመት በዓል አልነበረም፤ መርፌዋን ግን አወጣሁ። የሸፈንኳቸውን ጨርቅ ስገልጥ ኤልዳና ወንበር ስባ ቆመችበት። ሸክላ አስቀመጥኩ፣ በጣቴ ገፋ አደረግኩት፣ መርፌ የያዘውን ክንድ አወረድኩ። ድምፁ ቤቱን ሞላው። የድሮ የሠርግ ዘፈን ነው፤ ክራሩ ሲገባ የመስኮቱ መስታወት ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ፊቷን አየሁ። ሸክላውን ታያለች። ሲዞር ታያለች። ጆሮዋ ምንም አልሰማም። ከንፈሬን በዘፈኑ እያንቀሳቀስኩ፣ እንደ ጅል ትከሻዬን እየነቀነቅኩ አሳየኋት። አንዴ ወደኔ አንዴ ወደ ሸክላው እያየች ትንሽ ቆየችና ጫማዋን አወለቀች። ክንዱን አንስቼ ሳልጨርስ ጫማዋን ሸክላው ላይ አስቀመጠችው። ጫማው ዞረ። ኤልዳና አፏን ከፍታ፣ ሆዷን ይዛ፣ ያለ ድምፅ ሳቀች።

አልተቆጣሁም። ይሄን መመዝገብ የሚፈልግ ካለ ይመዝግብልኝ፤ በዕድሜዬ ሸክላዬን የነካብኝን ያልተቆጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አብሬያት ጫማውን አዞርኩ። የአጎቴ የሲራክ ማጫወቻ፣ የልጅ ጫማ ማሽከርከሪያ ሆነ።

ከዚያ ሳቋን አቆመችና ዓይኔን አየችኝ። ረጅም ነገር ተናገረች። አፏ አልተከፈተም፤ እንደሚናገሩ የማውቀው ቅንድባቸውን አይቼ ነው። ስትጨርስ ጠበቀች። መልስ ፈልጋለች። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ፣ እንደ ዳቦ ቤቱ፣ ፈገግ ብዬ አንገቴን ነቀነቅኩላት። አዎ፣ አዎ የኔ ቆንጆ።

ፊቷ ተለወጠ። ከወንበሩ ወረደች፣ ጫማዋን እንኳን አላነሳችም። ጥግ ሄዳ ግድግዳውን አቅፋ ቆመች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አጠገቧ ስደርስ በሁለት እጇ ገፋችኝ።

ሶልያና ስትመለስ ልጅቷን አየቻት፣ እኔን አየችኝ። ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው በምስር ተነጋገሩ። እኔ መሀላቸው ቆሜ እጠብቃለሁ።

«ምን አደረግካት?»

«ምንም። የሆነ ነገር ብላኝ ነቀነቅኩላት።»

«አባዬ» አለች፤ ድምጿ የደከመው ከመናገር ብቻ አልነበረም። «ትጠላኛለህ እንዴ ነው ያለችህ። አዎ አልካት።»

«ንገሪያታ! አልሰማሁም ብለሽ ንገሪያት!»

«ነገርኳት። እሱ ራሱ ይንገረኝ አለች።»

በማግስቱ ጠዋት ማጫወቻዎቹን ጠርጌ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ከጎረቤት ጋሪ ተውሼ ጫንኳቸው። ጋሪው በእጅ የሚገፋ ነው። አንደኛው ጎማ ይጮሃል። እስከ ሳቢያን፣ እስከ ያብስራ ቤት እየጮኸ ሄደ፣ አንድ ሰው ዞሮ አላየኝም። በመንገድ ላይ ለልጅቷ የምነግራትን አዘጋጀሁ። መጀመሪያ ስሟን ነው የምጠራት። ከዚያ አልጠላሽም እላታለሁ። መልስ ማዘጋጀት ላይ እንኳን የሚያክለኝ የለም።

በሩን ያብስራ ራሱ ከፈተ። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ሆድ አውጥቷል። ዘበኛ ወይም ልጅ ይልካል ብዬ ነበር።

«ጋሼ ኤርሚ! ይግቡ፣ ይግቡ፤ ቤት ለእንግዳ!» አለ። በድምፁ ነው ያለው። ድምፁ ዘይት ያላየ የበር ማጠፊያ ይመስላል፤ ከተናገረበት ዓመት ሳያልፈው አልቀረም። ለኔ ሲል ነው የሚያወራው። ይሄ ራሱ አናደደኝ። ክፉ ሆኖ ባገኘው ይሻለኝ ነበር።

ሻይ አቀረበልኝ። ብርድ ልብሱን ስገልጥ ተነሳና የቀኙን ማጫወቻ በመዳፉ ዳሰሰው። ዓይኑ ረጠበ።

«እነዚህ ናቸው። እነዚሁ ናቸው አይደል? የነብዩ ሠርግ ላይ የነበሩት?»

«እነዚሁ ናቸው።»

«ነብዩ ባለፈው ዓመት አረፈ። ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም። ነፍስ ይማር።» እንዴትስ እሰማለሁ? አሁን ሞት የሚነገረው በምስር ነው።

«ከሱ የቀረኝ ያ ቀን ነው። ያን ቀን የነበረ ዕቃ ቤቴ እንዲኖር ፈልጌ ነው፣ ሌላ አይደለም። አላዞራቸውም እንኳን። እዚህ ነው የማስቀምጣቸው።» ከመስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛ አሳየኝ። ጠረጴዛው ተጠርጎ፣ ጨርቅ ተነጥፎበት ነበር። «በአጭሩ ልንገርዎ ጋሼ። እነዚህን ይስጡኝ፣ እኔ ጆሮዎን ላድስልዎ። ነገ ክሊኒክ ይገባሉ፣ ሲወጡ ሁሉንም ይሰማሉ። ይስማማሉ?»

«አይ… ይቅር» አልኩ። «ከኔው ጋር ይክረሙ።»

እንዴት እንዲህ አልክ ትሉኝ ይሆናል። እኛ ስናድግ ሲሰጡህ እጅህን አትዘረጋም። ብላ ሲሉህ ርቦህ እየሞትክ በልቻለሁ ትላለህ። ሁለተኛ ይሉሃል፣ አሁን ነው ከማዕድ የተነሳሁት ትላለህ። ከዚያ በሞቴ ይሉሃል፣ ክንድህን ይይዙሃል፣ ያኔ እንደተገደደ ሰው ትቀመጣለህ። መጀመሪያ እንቢ ያላለ ሰው ስግብግብ ነው። ደግሞም አልዋሽም፤ አርባ ዓመት የጠበቅኩት ያ ሰው አንዴ፣ አንዲት ጊዜ፣ በሞቴ ብሎ እንዲለምነኝ ነበር። ጋሪ እየገፋሁ የመጣሁ ሰው ላለመሸጥ እንዳልመጣሁ ማንም ያውቃል ብዬ ነበር።

ያብስራ አንገቱን ዝቅ አደረገ። «እሺ። አከብራለሁ» አለ።

ከዚያ ዓይኑ ባዶ ሆነ፤ በምስር ሲነጋገሩ እንደሚሆኑት። ሻዬን አንስቼ አስቀመጥኩ። አሁን ይለምነኛል ብዬ ፊቴን አስተካከልኩ።

«ሐርጌሳ አንድ ሰው ጋ ጥንድ አለ» አለ ሲመለስ። «ያን ቀን የነበሩት አይደሉም፣ ግን ዓይነታቸው አንድ ነው። ተስማማን።»

«መቼ?»

«አሁን።»

«እኔ እኮ… እንዲያው ለወጉ ነው እንጂ…» አልኩ። «ሰው ሲለምኑት እንግዲህ…»

«ኧረ ጋሼ! አላስቸግርዎም። ሰው እንቢ ካለ በኋላ መጨቅጨቅ ነውር ነው። ልጆቻችንን የምናስተምረው እሱን ነው።» ከልቡ ነበር። ብርድ ልብሱን ራሱ አለበሳቸው፣ በሥርዓት፣ ሬሳ እንደሚገንዝ ሰው። «እንደውም ኮራሁብዎ። ስንቱ ነው ትዝታውን የሸጠልኝ።»

ጋሪው ላይ አብሮኝ ጫነ። እስከ በሩ ሸኘኝ። ግድግዳ አቅፋ የቆመችው ልጅ ትከሻ ፊቴ ላይ ነበር። ‹ለልጅቷ ስል ነው፣ እሸጣለሁ፣ እባክህ› ማለት ነው ያለብኝ። ለዚህ ትምህርት አያስፈልግም። በሩ ላይ ስንደርስ ዞርኩና አፌን ከፈትኩ።

ያብስራ ቀደመኝ። ፊቱ ላይ ሳቅ ነበረበት፤ ራሱን እያከከ፣ የድሮ ነገር እየፈለገ።

«ጋሼ ኤርሚ፣ ያን ዕለት እኮ መብራት ሄዶ ነበር። ትዝ ይልዎታል? ጨለማ ውስጥ ቆመን አንድ ሰው ስለ ዶሮ የሆነ ቀልድ ቀለደ። ነብዩ እንዴት እንደሳቀ! እስኪሞት ድረስ እያነሳት ይስቅ ነበር፣ ታሞ ተኝቶ እንኳን። ማን እንደቀለዳት ግን ሁለታችንም ጠፋብን። በጣም ነው የምትቆጨኝ።» እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «ማን ነበር ያላት?»

እሑድ ነው። ጥር 19። ጣታቸውን ገና አልጠረጉም።

ልመናውንም መልሱንም ይዤ አፌን ዘጋሁ። የጋሪውን እጀታ ያዝኩ።

«ጋሼ? እርስዎ አጠገብ ነበሩ እኮ። ማን ነበር?»

ጋሪውን ገፋሁት። ጎማው መጮህ ጀመረ። ከኋላዬ ያብስራ በዚያ በዛገ ድምፁ አንዴ ደግሞ ጠራኝ፤ እኔ ግን እየገፋሁ ቁልቁል ወደ ደቻቱ ሄድኩ።